የጀርባዬ ቱቦና የእናቴ ኡኡታ

የእናቴ ማህፀን የወረደው የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ነው። ይህን የነገረችኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ ሆዴ ውስጥ ዕጢ እንዳለና በኦፕራሲዮን መውጣት እንዳለበት ሰምቼ ቤት በገባሁ ቀን ነበር። ማሽላ እያበጠረች ነበር። ነገሬን ሰምታ ስታበቃ ቀና ሳትል «እኔም አለብኝ» አለች። ምን እንዳለባት ስጠይቃት በዓይኗ ወደ ታች አሳየችኝና ማበጠሯን ቀጠለች። ያን ሁሉ ዘመን ውሃ ስትቀዳ፣ ነዶ ስትሸከም፣ ቆቦ ገበያ ቆማ ስትውል፣ በጨርቅ አስራ ይዛው ኖራለች።

እኔ መምህርት ነኝ። መጽሐፍ ላይ ያላገኘሁትን አላምንም፤ ያገኘሁትን ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያምነኝ እፈልጋለሁ። ስለዚህ «አይዞሽ» ማለት ሲገባኝ ቁጭ ብዬ ገለጻ ጀመርኩ። ይህ ሕመም የብዙ እናቶች እንደሆነ፣ ሐኪም እንደሚያስተካክለው፣ ሂደቱ ምን ምን እንደሆነ፣ ልክ ስምንተኛ ክፍል ፊት እንደቆምኩ ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር የጎደለኝ። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«ሊተለትሉኝ ነው በይኛ» አለች።

«በማደንዘዣ ነው እማ፤ አይሰማሽም።»

«ማደንዘዣው ሲለቀኝስ?»

ያነበብኩት እዚያ አልደረሰም።

«እንዲህ ይሁን» አለች እናቴ ሰፌዱን እያስቀመጠች። «መጀመሪያ አንች ግቢና እንየው። አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አስታምምሻለሁ፣ አይሻለሁ። ሳትጮኺ ከወጣሽ እኔም እገባለሁ።»

የፈራችው ሞትን እንዳይመስላችሁ። እናቴ የምትፈራው ሰው ፊት መጮህን ነበር። በእኛ ሰፈር ሴት ስትወልድ ድምፅ አታሰማም። ውጭ የተቀመጡት ሴቶች ጆሯቸውን ወደ ቤቱ ጥለው ይጠብቃሉ፤ የሚሰሙት የመጀመሪያ ድምፅ የሕፃኑ መሆን አለበት። እናቴ ልጆቿን ሁሉ እንደዚያ ነው የወለደች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ በመጀመሪያ ልጇ ጊዜ ጮኻ ነበርና ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ ራሱ ወልዶ እንኳ እሷ ዛሬም «ጯሂዋ» ናት። ሰው ቤቷን ለእንግዳ ሲያመለክት ሳይቀር «ከጯሂዋ ቤት አለፍ ብሎ» ይላል።

ውሉን በደስታ ተቀበልኩ። ለምን አልቀበል? እኔ ዝምታ መቼ ቸግሮኝ ያውቃል? አንደኛ ክፍል የገባሁት ጡት አውጥቼ ነው፤ ከወንድሜ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ቀርቶ፣ ሕፃናት «እማማ» እያሉ ሲጠሩኝ ጥርሴን ነክሼ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያስጮኸኝ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። የኩራቴ መጠን ይህን ያህል ነበር።

በቀጠሮው ዋዜማ አውቶቡስ ይዘን ሮቢትን፣ ጎብዬን አልፈን፣ ከወልድያም ወዲያ ርቀን ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ገባን። ብርዱ የቆላ ሰው የሚችለው አልነበረም፤ እናቴ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ዓይኗ ብቻ ቀረ። ይህም ለሥራዋ በቃት፤ የመጣችው ልታይ ነው።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ወጣት ነው። አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጀርባዬ ላይ፣ በአከርካሪዬ አጥንቶች መሃል፣ ከክር ብዙም የማትወፍር ቱቦ ያስገባል፤ ቱቦዋ በፕላስተር ተለጥፋ እስከ ትከሻዬ ትወጣለች፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጥቂት ሞርፊን በእሷ በኩል ይሰጠኛል። መድኃኒቱ የሚገባው የሕመም መንገድ አጠገብ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ይሠራል አለ። እኔ ደግሞ ከአንዲት ነርስ ተማሪ መጽሐፍ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት ደገፍ አድርጌ ምዕራፉን ጨርሼ መጥቻለሁ። ቱቦዋ ስንት ጣት ትገባለች? መድኃኒቱ ወደ ላይ ቢወጣ ትንፋሼን አያዳክምም? ቦታዋን መያዟን በምን ታረጋግጣለህ? እያልኩ ጠየቅኩት። በትዕግሥት መለሰ፣ መለሰ፣ መጨረሻ ላይ፣

«መምህር፣ ማደንዘዣውን እርስዎ ይስጡና እኔ ልተኛ እንዴ?» አለኝ።

እናቴ በጋቢዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ስለ ኦፕራሲዮኑ የምለው የለኝም፤ አላየሁትም። ስነቃ ግን ሆዴ ላይ ትልቅ ፋሻ አለ፣ ሕመም የለም። እጄን ሰድጄ ፋሻውን ነካሁት። የሌላ ሰው ሆድ የነካሁ መሰለኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ፊቴን እንደ ሰማይ ታነባለች፤ ዝናብ አለው የለውም እንደምትለው ዓይነት።

«ያምሻል?»

«ምንም!»

እውነቴን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሳከክ። አፍንጫዬ፣ ጉንጬ፣ ግንባሬ፣ እንደገና አፍንጫዬ። መጽሐፉ ይህንን በአንዲት መስመር ጠቅሶ አልፎታል፤ የጻፈው ሰው ቱቦ አልተተከለበት ይሆናል። ስፎክት ዋልኩ።

«ኧረ ልጄ፣ የተቀደደው ሆድሽ ነው አፍንጫሽ?» አለች እናቴ።

«የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እማማ፣ አይጨነቁ» አለች ሲስተሯ። ደብዛዛ ሹራብ ከነጭ ጋዋኗ በላይ የደረበች፣ ፈጣን፣ የደጋ ልጅ ናት። በየጊዜው እየመጣች ደረቴን ትክ ብላ ታያለች። ቀሚሴ ተከፍቶ ይሆን ብዬ ቁልፌን ደጋግሜ አስተካከልኩ። ለካ ትንፋሼን ነው የምትቆጥረው። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች።

«መምህር! ሰሙኝ? በደንብ ይተንፍሱ!»

«ተያት እንጅ ትተኛ፣ ምን አደረገችሽ?» ትላታለች እናቴ።

«መድኃኒቱ እንቅልፍ እያስመሰለ ትንፋሽ ሊቀንስ ይችላል እማማ። ለዚያ ነው።»

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ እኔን ስለ ማርክ ጠየቀችኝ። በማስተማር ዘመኔ ለማንም ተማሪ አስር ከአስር ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ልጅ ሁሉንም መልሶ አንድ ጊዜ አለቀሰብኝ፤ ዘጠኝ ከሦስት ሩብ ነበር የሰጠሁት፤ ለጽሕፈቱ ቀንሼ።

«አስር ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ከዚያ በላይ የሌለ ሕመም።»

«ከዚያ በላይ እንደሌለ በምን ይታወቃል?»

ሲስተሯ ወደ እናቴ ዞረች፤ እርዱኝ እንደማለት።

«ጊንጥ ነው በያት» አለች እናቴ።

«ጊንጥ ያን ያህል ያማል እንዴ?»

እናቴ በሐዘኔታ አየቻት። «አንች የኔ ልጅ፣ ቆቦ ነይና ጫማሽን ሳታራግፊ አድርጊ።»

በመሆኑም ጊንጥን ስምንት ላይ አኖርነው፤ ከበላዩ ለማላውቀው ነገር ቦታ ተውኩ። በዚህ ሚዛን ሕመሜን አስልቼ «አንድ ተኩል» አልኩ።

«ተኩል የለም መምህር።»

«እንዴት አይኖርም?»

«በቃ አንድ ብያለሁ» ብላ ጽፋ ሄደች። ቅር አለኝ። ተኩሏ የእኔ ነበረች።

የዚያን ቀን ያሳየሁት ጉራ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። ትራስ ተደግፌ ቀና ብዬ መጽሐፍ ገለጥኩ። ፊደሉ በመድኃኒቱ ይዋኝብኝ ነበር፤ ቢሆንም ገጽ መግለጤን አላቆምኩም። እናቴ እንድታየኝ። አጠገቤ የተኛችው ሴት ስታቃስት፣ እግዜር ይማርሽ በማለት ፋንታ ስለ ቱቦዬ አብራራሁላት። እናቴ ደግሞ ቀስ በቀስ ለሰለሰች። ትከሻዬ ላይ ያለችውን የቱቦ ጫፍ በጣቷ ዳበሰቻት። «ይች የጭራ ጸጉር የምታህል ናት የሆድን ሕመም የያዘች?» አለች። ቆየት ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለሌሎች አስታማሚዎች ስታወራ ሰማኋት፤ «የእኔ ልጅ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ነው የምታነብ። ከዓይኗ እንባ፣ ካፏ ቃል አልወጣም።» ተመልሳ ስትቀመጥ፣ «የእኔ ብጤን ሴትም በዚህ በጀርባ ያክሙ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አለቀ፣ አሳመንኳት አልኩ።

ያበላሸው አንሶላው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የአልጋውን አንሶላ ሲለውጡ በአንድ በኩል ጠማማ አድርገው አነጠፉት። አንዱ ጠርዝ ወለሉን ሊነካ፣ ሌላው ፍራሹን አልሸፈነም። ልዞር ስፈልግ ሰው እንድጠራ ደጋግመው ነግረውኛል። ግን ለጠማማ አንሶላ ሰው ይጠራል? እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ወገቤን ጠምዝዤ፣ በክርኔ ተደግፌ፣ ጫፉን ሳብ፣ ገፋ፣ ሳብ አደረግሁት። ጀርባዬ ላይ ፕላስተሩ ላጥ ያለ መሰለኝ። አንሶላው ግን ተስተካከለ። እጅግ አማረ።

ረፋዱ ላይ ሐኪሙ መጥቶ የተራውን መድኃኒት ትከሻዬ ላይ ባለው የቱቦ ጫፍ በኩል ሰጠኝ። ወገቤ ላይ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ተሰማኝ። «ቱቦዋ ቦታዋን መያዟን በምን ታረጋግጣለህ?» ብዬ ወጥሬ የያዝኩት እኔ፣ ያችን እርጥበት ላብ ነው ብዬ አለፍኳት። በዚያ ብርድ! ላብ!

ከምሳ በኋላ ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን የሚጠርግ ዓይነት። ቀጥሎ ገባ። ቀጥሎ ቤቱ የእሱ ሆነ። አንድ ሰው ፋሻው ሥር እጁን ከትቶ አንጀቴን እንደ እርጥብ ልብስ የሚጨምቅ መሰለኝ። ሲስተሯ መጣች።

«ስንት ነው መምህር?»

እናቴ እዚያው ናት፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ። እውነቱን ብናገር ውሉ ፈረሰ። ጨርቋን አጥብቃ ወደ ማሽላዋ ትመለሳለች፤ ሁለተኛም አትጠይቅም።

«ሁለት» አልኩ።

ቆይታ ተመለሰች። «አሁንስ?»

«ሁለት።»

የተማሪ ኩረጃ ከሦስተኛው ወንበር የማሸት እኔ፣ በገዛ ሆዴ ማርክ ስሰርቅ አንዲት ቅንድቤ አልተነቃነቀችም። መጽሐፉን ገለጥኩ። ሲስተሯ መጽሐፉን አይታ፣ ደህና ናት ብላ ሄደች። መጽሐፉ ግን ተገልብጦ ነበር፤ ይህን ያየሁት በኋላ ነው።

እናቴ መጽሐፍ አታነብም። ስለዚህ ሌላ ቦታ አየች። ተነሥታ ወደ አልጋው ግርጌ ሄደችና ብርድ ልብሱን ከእግሬ ላይ ገለጠችው።

«አውራ ጣትሽ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«እጥፍ ብሏል። ሁለቱም። እንደ ቀንድ አውጣ።»

«በርዶኝ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ስንት ሴት አዋልጃለሁ። ፊቷን የምትገዛ ሴት ሞልታለች፤ ጣቷን የገዛች ግን አላየሁም። መች ጀመረሽ?»

«አላመመኝም እማ። ሁለት ነው።»

ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰችኝና ወጣች። ጓዟን ልትሸክፍ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ያን ጊዜ ነው ያ ድምፅ ከኮሪደሩ የመጣው።

በእኛ አገር፣ በራያ፣ ኡኡታ መቼ እንደሚጮህ እናውቃለን። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ጎርፍ ሰው ሲወስድ። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እናቴ ለርዳታ የምታውቀው ጥሪ እሱ ነው፤ የራሷን ሕመም በጨርቅ አስራ ዝም ያለች ሴት ለእኔ ሕመም ኡኡ አለች። «ኡኡኡ! የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!» በሜዳ ላይ ሁለት ቀበሌ የሚያሰማ ድምፅ በዚያ ጠባብ ኮሪደር ተለቀቀ። ችግሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ ኡኡታ የሚያሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያች መምህር ሞተች!» አለች አንዷ አስታማሚ።

ሌሎቹ ተቀበሏት። ደረት መምታት ተጀመረ። እኔ በሕይወት፣ ትራሴ ላይ፣ የራሴን ለቅሶ ከበሩ ማዶ አዳመጥኩ።

«እኔን አፈር ይብላኝ! ትናንት እንኳ ስታነብ ነበር እኮ!»

«ማንበቡ ነው የገደላት!»

«ለሰው ሰላምታ እንኳ አትሰጥም ነበር፤ ቢሆንም ልጅ ናት፣ ታሳዝናለች።»

«አልሞትኩም» ልል አፌን ስከፍት ሕመሙ ጨመቀኝና ቃሉ ውስጤ ቀረ። በሩን ሞልተው ዘበኛው፣ ሲስተሯ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ተግተልትለው ገቡ። ከኋላቸው እናቴ፣ ነጠላዋ ወርዶ፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ።

«ትዋሻችኋለች! ሁለት አይደለም! ስትዋሽ ነው የዋለች!»

ሲስተሯ ጎንበስ አለችብኝ። «መምህር። እውነቱን። ስንት?»

«ዘጠኝ» አልኩና ጮህኩ። እንዲህ ያለ ጩኸት ውስጤ እንዳለ አላውቅም ነበር። የሚያኮራ አልነበረም። እንደ በግ ነው የጮህኩት። በሩ ላይ ያሉት አልቃሾች አንድ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ ከዚያ አንዷ «እልልል!» አለች፤ ሙት ተነሣ ማለቷ መሰለኝ።

ሐኪሙ በቀስታ አገላብጦ ጀርባዬን አየ። ቱቦዋ ወጥታ ያ ያቀናሁት አንሶላ ላይ ተጋድማለች።

«የረፋዱን መድኃኒት አንሶላው ነው የወሰደው» አለ። «እሱ አሁን ምንም አይሰማውም።»

መጀመሪያ በክንዴ በኩል ማስታገሻ ሰጡኝና አዲስ ቱቦ ሊያስገባ አስቀመጡኝ። ጀርባዬን እንደ ድመት እንዳጎብጥ ነገረኝ። እናቴ ትከሻዬን አቅፋ ግንባሬን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። መርፌው ሲገባ ጮህኩ፤ ፕላስተሩ ሲለጠፍም ጮህኩ፤ ፕላስተሩስ አያምም ነበር፤ አንዴ ከጀመርኩ ብዬ ነው። ከዚያ ሕመሙ እንደ አመጣጡ ወደ በሩ አፈገፈገ፤ አፍንጫዬ ማሳከክ ጀመረ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ማሳከክ አላውቅም።

ሁሉ ወጥቶ ሲስተሯ ብቻ ትንፋሼን ስትቆጥር እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የምትለውን እንደ ፍርድ ጠበቅሁት።

«እማ፣ ቱቦዋን የነቀልኳት እኔ ነኝ፤ አንሶላ ሳስተካክል። መድኃኒቱስ ይሠራል...»

«ጮህሽ» አለች።

«አዎ።»

ወደ ሲስተሯ ዞረች። «ስትጮህ አልተቆጣሻትም።»

«ለምን እቆጣታለሁ እማማ? ባትጮህ በምን አውቃለሁ? ሁለት እያለችኝ!»

«የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ።»

«ይስማ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔን» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች። ለአንድ ጊዜ ገለጻ አልመጣልኝም።

እናቴ በማግስቱ የሴቶች ሐኪም እንዲያያት ጠየቀች። ከመመርመሪያው መጋረጃ ጀርባ ብዙ ቆይታ ወጣችና አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች።

«መኸሩ ሲገባ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ። በጀርባ ይሰጡኛል።»

«እሰይ እማ! እኔ አስታምምሻለሁ፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ...»

«አይሆንም» አለች ሳታስጨርሰኝ። «አንች ቤት ትቀሪያለሽ። የማስከትለው ጯሂዋን ነው።»

«አክስቴን?»

«ምን አላት? አንችማ እኔ ጩኸቴን አፍኜ ስይዘው አብረሽኝ አፍነሽ ትይዥዋለሽ።»

እንዳለችውም ሆነ። መኸሩ ገብቶ እናቴና አክስቴ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ እኔ ቆቦ ቀርቼ፣ ተማሪዎቼን ጽሑፍ አስገልብጬ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ እያየሁ ዋልኩ። አክስቴ የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። ደህና ወጣች፣ ነቅታለች ስትል መስመሩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ገባ፤ የቅርብ፣ የጎላ፣ የማላውቀው ሁሉ መሰለኝ።

«ኧረ ሲስተር! ኧረ ወዲህ በይ! ጀመረኝ እኮ!»

«ማን ናት የምትጮኸው?» አልኳት አክስቴን።

«ማን ትሆን ብለሽ ነው?» አለች አክስቴ። «ከነቃች ጀምሮ እኔን አፍ አላስከፈተችኝም።»